ለመመረቂያ ጽሑፍ ምንጭ መፈለግ፣ መመዘንና መጥቀስ፦ የጣናን እምቦጭ በምሳሌነት ይዞ

ባሕር ዳር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግመው ከሚመርጧቸው ርእሶች አንዱ የጣና እምቦጭ ነው። ምርጫው የሚያስገርም አይደለም፤ ሐይቁ ከግቢው አጥር ብዙም አይርቅም፤ ስለ አረሙ ያልሰማ የለም፤ የተጻፈውም ብዙ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ከብዛቱ ነው፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ የጻፈው ሲከማች፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር ሐይቁን አይቶ ከለካ ሰው እንደመጣና የትኛው ሲወርድ ሲዋረድ እንደደረሰን መለየት ያስቸግራል።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ «እምቦጭ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል» ብዬ ጽፌ ለፈተና ቀርቤ ነበር። ፈታኙ መምህር ወረቀቱን ገልብጠው «ማን ለካው? የትስ ውኃ ላይ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ስከታተለው የጠቀስኩት ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይጠቅሳል፤ ያኛውም ሌላ ይጠቅሳል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የተገኘው ልኬት የተካሄደው ከኢትዮጵያ ውጭ፣ ከጣና ይልቅ በጣም ሞቃት በሆነ ውኃ ላይ ነበር። የአረሙ አስተዳደግ በውኃው ሙቀትና በውኃው ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር መጠን የሚወሰን በመሆኑ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚገኝ ሐይቅ ያ ቁጥር እንዳለ ሊያገለግል አይችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪዎችን ሳማክር ከምንም በፊት የምጠይቀው የእሳቸውን ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም በመላው ያንን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ርእሱን ወደ ጥያቄ መለወጥ

«እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው ጉዳት» የሚለው ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ምንጭም አይፈለግለትም፤ ምክንያቱም የተገኘው ሁሉ የሚመለከተው ስለሚመስል ነው። ርእሱን በቦታ፣ በዘመንና በሚመለከተው ሰው ያጥብቡት። ለምሳሌ፣ «ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በደንቢያ ወረዳ የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች እምቦጭ የዓሣ አስጋሪዎችን የሥራ ቦታና ገቢ እንዴት ለወጠ?» ቢባል፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚተው ወዲያውኑ ይታወቃል። አረሙ ክፉኛ የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለትም በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል በመሆኑ የቦታው ምርጫ በራሱ ትርጉም አለው።

ቀጥሎ በአንድ ገጽ ላይ «ይህን ለመመለስ ምን ማወቅ አለብኝ?» ብለው ይጻፉ። ከላይ ያለው ጥያቄ ቢያንስ አራት ዓይነት እውቀት ይፈልጋል፦ ስለ ዕፅዋቱ ተፈጥሮ፣ ስለ ሐይቁ ውኃና ዓሣ፣ ስለ አስጋሪዎቹ ኑሮ፣ እንዲሁም መንግሥትና ኅብረተሰቡ ስለወሰዱት እርምጃ። አራቱ በአንድ ቦታ አይገኙም። የመጀመሪያው በዓለም አቀፍ የሥነ ሕይወት ጆርናሎች፣ ሁለተኛው በአብዛኛው እዚሁ በተሠሩ ጥናቶች፣ ሦስተኛው ከፊሉ በመመረቂያ ጽሑፎች ከፊሉ ደግሞ ገና ባልተጻፈ የሰው ቃል፣ አራተኛው በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። ይህን ሳይለዩ መፈለግ የጀመረ ተማሪ ሁሉንም ከአንድ የፍለጋ ሣጥን ሲጠብቅ ይከርማል።

የመፈለጊያ ቃላትን ማዘጋጀት

ይህ ደረጃ ሰው ሁሉ የሚዘልለው፣ እኔ ግን ግማሽ ቀን ይገባዋል የምለው ነው። አንድ ነገር በስንት ስም እንደተጻፈ ሳያውቁ መፈለግ፣ በሰፈር ስሙ ብቻ የሚታወቅን ሰው በመዝገብ ስሙ እየጠሩ እንደ መፈለግ ነው።

በመጀመሪያ የአማርኛውን አጻጻፍ ይመልከቱ። አረሙ «እምቦጭ» ተብሎም «እንቦጭ» ተብሎም ይጻፋል። ሞክሼ ሆሄያት ደግሞ ጣጣውን ያበዙታል፤ «ዓሣ»፣ «ዓሳ»፣ «አሣ» እና «አሳ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ የፍለጋ መሣሪያው ግን ሁልጊዜ እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፣ «ውኃ» እና «ውሃ»፣ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር» እና ተያይዞ የተጻፈው «ባህርዳር» እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በአንድ አጻጻፍ ፈልገው ምንም ካላገኙ «በአማርኛ የተጻፈ የለም» ብለው አይደምድሙ፤ ቢያንስ ሦስቱን አጻጻፎች ይሞክሩ።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው የሳይንስ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በመሆኑ የእንግሊዝኛውን መጠሪያ፣ ዋተር ሃያሲንዝን፣ ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር ይያዙ። ሳይንሳዊ ስሙም ሁለት ነው፦ ለረጅም ዘመን አይኮርኒያ ክራሲፔስ ሲባል ኖሮ በቅርብ ዓመታት ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ወደሚል ተለውጧል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ የአሥርት ዓመታት ጥናት ያመልጠዋል፤ በቀድሞው ብቻ የፈለገ ደግሞ የቅርቡን ያጣል። የሐይቁ ስምም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የቀድሞ አውሮፓውያን ተጓዦች «ጻና» በሚያሰኝ አጻጻፍም «ደንቢያ» በሚለው የአገሩ ስምም ጽፈውታል። ስለ ሐይቁ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህንም በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ቃላቱን ማጣመር ይለማመዱ። አብረው መገኘት ያለባቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት፣ ተለዋጭ ስሞችን «ወይም» የሚል ፍቺ ባለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም በትልልቅ ፊደላት በተጻፈ «ኦር» ማያያዝ፣ የማይፈልጉትን ቃል ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጎ ማስወጣት የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው በጎግል ስኮላር ላይ ይሠራል። የሞከሩትን ጥምረትና ያገኙትን ውጤት በቀን መዝግበው ያስቀምጡ፤ አማካሪዎ «ይህን ፈልገሃል?» ወይም «ይህን ፈልገሻል?» ሲሉ መልሱ ከመዝገቡ ይገኛል።

የት መፈለግ እንዳለበት

ብዙ ተማሪ ከጎግል ስኮላር ይጀምራል፤ ስሕተት አይደለም፤ ግን በዚያ አይቁም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ይህ መፈለጊያ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ጥሩውንና ደካማውን አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል። በአፍሪካ የሚታተሙ ጆርናሎችን ለብቻ የሚሰበስበውን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን (አጆልን) አብረው ይክፈቱ፤ የኢትዮጵያ ጆርናሎች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ለዩኒቨርሲቲዎች በተቋም ደረጃ የሚፈቀደው ሪሰርች ፎር ላይፍ ደግሞ በገንዘብ የተዘጉ ጆርናሎችን ይከፍታል፤ ለግብርና አጎራ፣ ለጤና ሂናሪ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። መግቢያው በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች እጅ ስለሚሆን ጠይቀው ይጠቀሙ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን መጠየቅ እንደ ስንፍና የሚቆጥር ተማሪ አጋጥሞኛል፤ እኔ ግን ከአንድ ሳምንት ብቸኛ ፍለጋ የግማሽ ሰዓት ጥያቄ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲዎች የዲጂታል ማከማቻዎች ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ሰፊ ነው፤ የየዩኒቨርሲቲውን ሥራ በአንድ ላይ ለማድረግ የተቋቋመ አገር አቀፍ ማከማቻም አለ። ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ማከማቻ ማለፍ የለበትም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ከሁለት ቀደምት ተቋማት፣ ከፖሊ ቴክኒኩና ከመምህራን ኮሌጁ ውህደት በመሆኑ፣ ሰው እስካሁን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ የሚጠራቸው ግቢዎች የቆየ የየራሳቸው ስብስብ አላቸው። ያረጀ፣ በታይፕ የተመታና ወደ ኮምፒዩተር ያልገባ ጥናት በመደርደሪያ ላይ ብቻ ሊገኝ እንደሚችል አይርሱ።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ባሕር ዳር በዚህ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም፣ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሉም፣ ጣናን ለመጠበቅ የተቋቋመው የክልሉ ኤጀንሲም እዚሁ ናቸው። ያልታተመ ሪፖርት ለማግኘት ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልጋል። በደብዳቤው ላይ «መረጃ እንዲሰጠው/እንዲሰጣት» ብሎ ማለፍ ግን ሥራ አያንቀሳቅስም፤ የሚፈልጉትን ሰነድ ዓይነት፣ ወረዳውንና ዓመታቱን ይጥቀሱ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካገኘ በኋላ ወደ የትኛው ክፍል እንደተመራ ይጠይቁ። በዓመት በዓልና በበጀት መዝጊያ ሰሞን፣ በተለይ በሰኔ፣ ከመሄድ ቢቆጠቡ ይመረጣል።

ርእስዎ ታሪክ ወይም ሃይማኖት ነክ ከሆነ የጣና ገዳማት ብራናዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባለው ሊቅ የጣና ሐይቅ ብራናዎችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1977 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በርካታ የኢትዮጵያ ብራናዎችም በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኩል ተመዝግበው በነፃ ይታያሉ። ስለዚህ ወደ ዳጋ ወይም ወደ ክብራን ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት ዝርዝሩን ማየት ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል።

ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው መሄድ

ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ጽሑፎች ካገኙ በኋላ ፍለጋው መልኩን ይለውጣል። የጽሑፉን ዋቢ ዝርዝር እያነበቡ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ በጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ያለውን «የጠቀሱት» የሚለውን ማያያዣ በመጫን ደግሞ ወደ ፊት ይሂዱ። ወደ ኋላ መሄድ ሐሳቡ የተነሣበትን፣ ወደ ፊት መሄድ ደግሞ ሌሎች ያረሙትን ወይም የተቃወሙትን ያሳያል። አባይን ለማወቅ ከጢስ አባይ ሽቅብ ወደ ጣና፣ ከጣናም በግልገል አባይ በኩል እስከ ሰከላ ድረስ የሚሄድ ሰው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ በቋንቋችን «ምንጭ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ማገልገሉ በከንቱ አይመስለኝም። የአንድ ጸሐፊ ስም በሦስትና በአራት ዋቢ ዝርዝሮች ላይ ከተደጋገመ ያንን ጸሐፊ ሳያነቡ ጽሑፍዎን አይጀምሩ።

ሙሉ ጽሑፉ ገንዘብ ከጠየቀ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። በስኮላር ላይ «ሁሉም ቅጂዎች» በሚለው ሥር ነፃ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ ካልሆነም ለጸሐፊው በጨዋ ቃል አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ብዙዎች በደስታ ይልካሉ። መብራትና ኔትወርክ በአንድነት በሚገኙበት ሰዓት ፒዲኤፎቹን አውርደው «የጸሐፊ ስም፣ ዓመት፣ አጭር ርእስ» በሚል ቅደም ተከተል ሰይመው ያስቀምጡ። ቅጂውን በሁለት ቦታ ያድርጉ፤ ከሰው ኮምፒዩተር ወደ ሰው ኮምፒዩተር የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ እንጂ ዋቢ አያቆይም።

ምንጭን መመዘን

ስለ ምንጭ ግምገማ በየመጽሐፉ ረጃጅም ዝርዝሮች አሉ። እኔ በአራት ቃል እይዛቸዋለሁ፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን። የጻፈው ማን ነው? ያየው ወይም የለካው መቼ ነው? የት ቦታ ላይ? በምን መሣሪያ ወይም ዘዴ? ጽሑፉ አራቱን ካልመለሰ ቁጥሩን አይውሰዱ።

የጣናን ስፋት ለምሳሌ እንውሰድ። በየጽሑፉ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሱ የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ። ተማሪው አንዱን መርጦ ሌላውን ስሕተት ሊል ይቃጣዋል፤ ነገር ግን ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳርቻውም ዝርግ በመሆኑ ውኃው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ስፋቱ ብዙ ይለወጣል። የተለካው በክረምት ማግሥት ነው ወይስ በግንቦት? ረግረጉ ተጨምሯል ወይስ አልተጨመረም? ደሴቶቹስ ተቀንሰዋል? እነዚህ ከተመለሱ ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አረሙ የያዘው ስፋትም እንዲሁ ነው፤ ተንሳፋፊው አረም በነፋስ ስለሚገፋ፣ ከሳተላይት ምስል የተገኘ ሄክታርና ቀበሌዎች በግምት ሞልተው የላኩት ሄክታር ቢለያዩ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ሠንጠረዥ ማሰለፍ ግን ስሕተት ነው።

የዘመን ጉዳይ በተለምዶ «ከአምስት ዓመት ወይም ከአሥር ዓመት የቆየ አትጥቀስ» ተብሎ ይነገራል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዋናው ነገር ጽሑፉ የሚገልጸው ነገር ዛሬም መኖሩ ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ በሮቹ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውኃውን መውጫ መቆጣጠር ጀመሩ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ በሮች ታከሉ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ ከ1996 በፊት የተጻፈ የሐይቁ ከፍታ ጥናት ምን ያህል በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆን የሚገልጸው ሌላ ዓይነት ሐይቅ ነው፤ ዛሬን ለማስረዳት አይጠቀስም፤ የቀድሞውን ለማነጻጸር ግን ከእሱ የተሻለ የለም። በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዛዊው ቆንስል የቺዝማን መጽሐፍም ስለዛሬው አስጋሪ ምንም አይነግረንም፤ በዚያ ዘመን የሐይቁን ዳርቻ የዞረ ሰው የዓይን ምስክርነት በመሆኑ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የአቻ ግምገማ ማለፍ፣ ማለትም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በሙያው ባለቤቶች መመርመሩ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። በተለይ ከጸሐፊዎች ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የተቋቋሙ አጥማጅ ጆርናሎች በአገራችን ብዙ ሰው አሳስተዋል። ጽሑፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ እናወጣለን የሚሉ፣ ከግብርና እስከ ሕግ ሁሉን የሚያትሙ፣ ስማቸው ከታወቀ ጆርናል ስም ጋር ለጥቂት የሚለያይ፣ የአዘጋጆቻቸው አድራሻ የማይገኝ ከሆነ ይጠርጥሩ። ክፍት ጆርናሎችን የሚመዘግበውን ማውጫ (ዲኦኤጄን) ማየትና የአዘጋጆችን ስም በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያጣራል። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት የጥናት ዘዴውን ክፍል ያንብቡ፤ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ እንዴት ተመረጠ የሚለውን ያልመለሰ ጽሑፍ በየትም ቢታተም አይረዳዎትም።

ዜና፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርትና የመንግሥት መግለጫ የተከለከሉ ምንጮች አይደሉም፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ይህ ቁጥር ቢበዛ ወይም ቢያንስ የሚጠቀመው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ዘመቻ በወጣ ማግሥት የሚነገር «ይህን ያህል ሄክታር ተወገደ» የሚል አኃዝ ዘመቻው መካሄዱን ያስረዳል፤ አረሙ ተመልሶ አለመብቀሉን አያስረዳም።

ውክፔድያን ለመነሻ ያንብቡት፣ አይጥቀሱት፤ የጠቀሳቸውን ምንጮች ግን ይክፈቱ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ መሣሪያዎችን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ዋቢ ዝርዝር እንዲሰጡዎት አይጠይቋቸው፤ ከጠየቁም አንድ በአንድ ሳያጣሩ አይቀበሉ። በእውነተኛ ጆርናል ስም፣ በእውነተኛ ተመራማሪ ስም፣ ፈጽሞ ያልተጻፈ ጽሑፍ አቀናብረው ሊሰጡ ይችላሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የጽሑፉን ዲኦአይ፣ ማለትም ለታተመ ጽሑፍ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ ቁጥር፣ በዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ወይም ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርጎ በስኮላር መፈለግ ነው። በእጅዎ ገብቶ ያላነበቡት ጽሑፍ በዝርዝርዎ ላይ አይግባ።

ማስታወሻ መያዝ

ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ገጽ ይመድቡ፤ ከላይ ሙሉ የኅትመት መረጃውን፣ ከሥሩ የገጽ ቁጥር እያደረጉ ሐሳቡን ይጻፉ። ቃል በቃል የገለበጡትን ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡ፤ የራስዎን አስተያየት በሌላ ቀለም ይጻፉ። ይህ ካልተደረገ ከሁለት ወር በኋላ የእርስዎ ቃልና የጸሐፊው ቃል ይደባለቃሉ፤ ብዙው የሰው ሥራ የመስረቅ ክስም የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ መደባለቅ ነው። በራስ ቃል ለመጻፍ ጽሑፉን አንብቦ ዘግቶ፣ ለጓደኛ እንደሚያስረዱ አድርጎ መጻፍና ከዚያ ከዋናው ጋር ማስተያየት ያዋጣል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎሙ ሐሳቡን የእርስዎ አያደርገውም፤ ምንጩ ይጠቀሳል።

መጥቀስ

የትምህርት ክፍሎች በአብዛኛው የኤፒኤን (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን) የአጠቃቀስ ሥርዓት፣ ብዙዎቹም 7ኛውን እትም ያዝዛሉ። በጽሑፉ መሐል የጸሐፊው ስምና ዓመቱ በቅንፍ ይገባሉ፤ ጸሐፊዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የመጀመሪያው ስም «እና ሌሎች» ከሚለው ጋር ይጻፋል፤ ቃል በቃል ሲጠቀስ የገጽ ቁጥር ይጨመራል። ዋናውን ሳያነቡ በሌላ ጽሑፍ በኩል ካገኙት «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለው ይጻፉ፤ በዝርዝሩ ላይም ያነበቡትን ብቻ ያስገቡ። የቀረውን መመሪያው ራሱ በግልጽ ያስቀምጠዋል። መመሪያው ብዙም የማይረዳን በሁለት ነገሮች፣ በስማችንና በዘመን አቆጣጠራችን ላይ ነው።

የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ መጻፍ ልጁን ትቶ አባቱን መጥቀስ ነው። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የቆየው ልማድ ስሙን ሳይገለብጡ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ በ«ባ» ሥር መደርደር ነው፤ የውጭ ጆርናሎች ግን በብዛት ይገለብጣሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ ዝርዝር በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሊገኝ ይችላል፤ ሲፈልጉ ሁለቱንም ይሞክሩ። ሲጽፉ የአማካሪዎን ምርጫ ጠይቀው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዱን ይከተሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ልዩነት አለ፤ ታደሰ የሚለውን ስም አንዱ «ዲ»ን ደርቦ፣ ሌላው ሳይደርብ ይጽፈዋል፤ ጸሐፊው ራሱ በሥራው ሽፋን ላይ እንዳሰፈረው ይጻፉ። ዋቢ የሚያደራጀውን ነፃ ፕሮግራም፣ ዞቴሮን፣ ከተጠቀሙ ለኢትዮጵያዊ ስም ባለ ሁለት ሣጥኑን መግቢያ ወደ ባለ አንድ ሣጥን ይለውጡት፤ ያን ጊዜ ስሙን አይገለብጥም።

የዘመኑ ነገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ወጥመድ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም 2003 ወይም 2004 ዓ.ም. ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጻፈ የአማርኛ ሪፖርት ደግሞ በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. መካከል የሆነውን ይናገራል። ሁለቱንም «2011» ብሎ ያለ ምልክት የጻፈ ተማሪ የሰባት ዓመት ታሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጨፈልቃል፤ ይህን በእውነተኛ ወረቀት ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፉ። ሲያሻግሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ላለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው 8 ይጨምሩ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት «የ2011 በጀት ዓመት» ካለ ከሐምሌ 1 ቀን 2010 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ያለውን ማለቱ ነው፤ ይህም ከመስከረም ከሚጀምረው ዓመት ይለያል። መጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ወሩም ሳይታወቅ ሲቀር፣ «2011 ዓ.ም. (2018/19 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ማስቀመጥ ታማኝ አጻጻፍ ነው።

ወረቀትዎ በእንግሊዝኛ ከሆነና ምንጩ አማርኛ ከሆነ ርእሱን በላቲን ፊደል ድምፁን ጽፈው ትርጉሙን በማእዘን ቅንፍ ያስከትሉ። ከአስጋሪ፣ ከታንኳ ሠሪ ወይም ከአረጋዊ የሰሙትን ቃል ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግበው ይጠቀሙ። ስማቸው እንዲጠቀስ ካልፈለጉ «የ60 ዓመት አስጋሪ፣ ደንቢያ» ማለት ይበቃል። በኤፒኤ እንዲህ ያለው የግል ግንኙነት በጽሑፉ መሐል ብቻ ይጠቀሳል፤ ለጥናትዎ ራስዎ ያደረጓቸው ቃለ መጠይቆች ግን የእርስዎ መረጃ ስለሆኑ በዘዴ ክፍሉ ይገለጻሉ።

ከማስረከብ በፊት አንድ ምሽት ለዋቢው ብቻ ይተዉ። ወረቀቱን አትመው በእርሳስ እያንዳንዱን ቅንፍ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ፤ በመሐል ተጠቅሶ በዝርዝሩ የሌለውን ይጨምሩ፤ በዝርዝሩ ኖሮ የትም ያልተጠቀሰውን ያውጡ። ከዚያም አምስት ቁጥሮችን በዘፈቀደ መርጠው ከማስታወሻዎ አልፈው ዋናውን ጽሑፍ ይክፈቱና «ማን ለካው? የትስ ውኃ ላይ?» ብለው ይጠይቁ። ከአምስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ የቀሩትንም ሁሉ ይክፈቱ።